የመምህር ዌንን ተራራ ፍለጋ ወደ ቡሬ

ከቡሬ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ «እስኪ ጉዞሽን አውሪልን» ሲሉኝ ያንኑ ነገር መላልሼ ማውራት ስለሰለቸኝ፣ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብያለሁ። መቼም አብዛኞቻችሁ ጎጃምን አትረግጡትም። እኛ የድሬ ሰዎች ሐረር ስንወጣ እንኳ ሹራብ የምንፈልግ ነን።

ለማታውቁኝ፣ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ አዲስ አበባ የሥዕል ተማሪ ሳለሁ ዌን የሚባል ቻይናዊ ሰዓሊ ሁለት ዓመት አስተምሮናል። በአንቱታ ያልጠራሁት ስለናቅኩት አይደለም። እሱም ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ሁሉንም «አንተ» ነበር የሚለው፤ የተማረው አማርኛ ያን ያህል ነው። ድሬም ቢሆን አንቱታ የሚባለው ነገር ብዙ አልደረሰም፣ ስለዚህ እኔና እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን ተግባባን።

መምህር ዌን የሚስለው መልክዓ ምድር ብቻ ነበር፤ ተራራ፣ ወንዝ፣ ዛፍ። ቀለሙ ጥቁር ነው፣ ሌላ የለውም። ያንን ጥቁር ግን በውሃ እያቀጠነ፣ ከከሰል ጀምሮ እስከ ጭስ ድረስ አምስት ስድስት ዓይነት ያወጣለታል። ቦታው ላይ ቆሞ አይስልም። ሦስት አራት ቀን ተራራውን ሲያይ ይውልና ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሰርዝ ከልቡ ያወጣዋል። እኛን ከሁሉ ያስደነቀን የወረቀቱን እኩሌታ ባዶ ትቶ «አለቀ» ብሎ መነሳቱ ነው። «ይሄ ነጩስ?» ስንለው «ጉም ነው። ለሚያይ ሰው መተንፈሻ ነው። ሌላውን ሁሉ የሳልኩት ለሱ ብዬ ነው» ይለን ነበር። ከክፍላችን ወጥተው ስም ያተረፉ አሉ። አንዱ ጣናን በሦስት መስመር ይስልና የቀረውን ነጭ ይተወዋል፤ ያየው ሁሉ ውሃው ታየኝ ይላል። ያ ከመምህር ዌን የመጣ ነው። ለኔ ብቻ ነው ያልሆነልኝ። ባዶ ቦታ ካየሁ ማንጎ ካልጨመርኩበት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እሱም ይስቅብኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ልጁ ደወለችልኝ። አባቷ ሰማንያ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየከዳው ነው፣ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠውም። ብርሃኑ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዲት ሥዕሉን እንደገና ማየት ይፈልጋል፤ ያቺ ሥዕል ደግሞ ያለችው እኛ አገር ነው። ስልኩን ተቀብሎ ራሱ በተሰባበረ አማርኛ ነገረኝ። «ጎጃም ሄድኩ። ቡሬ፣ ፈታም ወንዝ። ዲያቆን አለልኝ፣ ቀለም ይሠራል። ሦስት ሳምንት ቤቱ በላሁ። ሥዕል ሰጠሁት። ከሥዕሎቼ ሁሉ ጥሩ እሷ ናት፤ ነጭ መተው የገባኝ እዚያ ነው። ፎቶ አንሺ፣ ልጄ ትልቅ አድርጋ ታሳየኛለች። ቶሎ» አለኝ። ያቺ ቶሎ ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ፍልሰታ እንደተፈታ ሻንጣዬን አነሳሁ።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ወንበሬ ከጎማው በላይ ስለነበር ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ገና ከከተማው ሳንወጣ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡ። በኛ አገር መጀመሪያ ስምሽን ጠይቀው፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ አጣርተው ነው የሚያበሉሽ። እሳቸው ሱሉልታ ላይ አብልተውኝ ስሜን የጠየቁኝ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ነው።

አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሽቅብ መጣ። ሰው ሁሉ ጋቢና ካፖርቱን ሲያወልቅ እኔ ደስ አለኝ፣ ድሬ የገባሁ መሰለኝ። ደስታዬ የቆየው ድልድዩን ተሻግረን ደጀን እስክንወጣ ነው። እዚያ ስንደርስ መስኮቱ ነጭ ሆነ። መንገድ አይታይ፣ ዛፍ አይታይ፣ ሾፌሩ በምን እንደሚነዳ እንጃ። ልቤ ተሰቅሎ «ኧረ ይቁምልን» ስል ወይዘሮ ብርቄ «ጉም ነው እንጂ ሌላ ምን አለ፣ ልጄ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነው፣ እኛ ልብም አንለው» አሉና ሌላ ዳቦ ጨመሩልኝ።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ቆምን። ያዘዝኩት ፍርፍር በቅቤ ተጥለቅልቆ መጣ። እኛ ዘይት ነን፣ እነሱ ቅቤ ናቸው፣ ሆዴ ይህን ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀበት።

አመሻሹ ላይ ፍኖተ ሰላም ገባን። ሽማግሌዎቹ እስካሁን ወጀት ይሏታል። ዋናው መንገድ በባጃጅ ስለተሞላ በዚህ በዚህ እንኳ ድሬን አስታወሰችኝ። ሦስት ሆቴል ዞርኩ፤ ሦስቱም ለስብሰባ በመጣ ሰው ሞልተዋል። ሻንጣዬን ይዤ ሦስተኛው በር ላይ ስቆም፣ ለካ ወይዘሮ ብርቄ ከኋላ ከኋላዬ ሲከተሉኝ ኖሯል። «እኔ ቤት እያለኝ አልጋ ስትለምኚ አያለሁ። በይ ነይ» ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ።

እራት ላይ ስለ ዲያቆን አለልኝ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ዲያቆንነቱ ድሮ ቀረ። አሁን መሪጌታ ናቸው፣ ሰዓሊው መሪጌታ። ከፈታም ወዲህ ያለውን ሚካኤልን የሳሉት እሳቸው ናቸው፣ በርበሬም ከዚያ ሰፈር እገዛለሁ» አሉኝ። ሰውየው በሕይወት አሉ ማለት ነው። እፎይ አልኩ።

የሰጡኝ ክፍል ንጹሕ ነው፣ አልጋው ሰፊ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ግን የበርበሬ መጋዘናቸው ነው። ጋደም እንዳልኩ ማስነጠስ ጀመርኩ። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩና ተውኩት። ባስነጠስኩ ቁጥር ከወዲያኛው ክፍል «ይማርሽ» ይሉኛል። በመጨረሻ ደክሟቸው «ልጄ፣ የቀረውን ሁሉ አንድ ላይ ይማርሽ ብያለሁ» አሉና ተኙ።

ረቡዕ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተነሳሁ። ማንኩሳ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ እንደ ትልቅ ጥፋት ቆጥሮት እያንዳንዳችንን ይቅርታ ጠየቀና፣ መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት እሸት በቆሎ አንስቶ በየእጃችን አስያዘን። ድሬ በቆሎ የሚደርሰን ፀሐይና መንገድ ካደረቀው በኋላ ነው። ይሄኛው ስትነክሱት ወተቱ ጉንጫችሁ ላይ ይፈናጠራል። ሁለተኛውን ስጨርስ ጎማው ተቀይሮ ሁሉም እኔን እየጠበቀ ነበር።

ከቡሬ ባጃጅ የቻለውን ያህል ወሰደኝና «ከዚህ በኋላ የእግር ነው» ብሎ ተመለሰ። ለዚያው ሰፈር የሚሄድ አንድ ገበሬ መንገዱን ሊመራኝ ፈቀደ። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ በርበሬ ነው፣ መሀሉ ጭቃ። እኛ ዘንድ አሸዋ ነው፤ ብትወድቁ አራግፋችሁ ትነሳላችሁ። እዚያ ከወደቃችሁ መሬቱ አይለቃችሁም። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ በቂጤ ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። ገበሬው ፊቱን ወዲያ አዙሮ፣ ተነስቼ ቀሚሴን እስካስተካክል ድረስ የሰው ማሳ ሲመረምር ቆየ። ስደርስበት፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ «ኧረ ምንም አላየሁ» አለኝ።

መሪጌታ አለልኝ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ጥምጣማቸው ነጭ፣ የቀኝ እጃቸው ጣቶች እስከ ጥፍሩ በቀለም የጠቆሩ። እኔም በድሬ አፌ «አለልኝ አንተ ነህ?» አልኳቸው። ገበሬው ክው አለ። በዚያ አገር ሚስት ባሏን እንኳ በአንቱታ ነው የምታነጋግረው። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «እኔ ነኝ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ የመጨረሻው ሰው ቻይናው ነው። ከሱ ዘንድ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ምላሴን አሰርኩት። ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንቱታ እያመለጠኝ የሽንኩርት ሻጮቹ መሳቂያ ሆኛለሁ።

ባለቤታቸው እማማ የሻረግ የሞቀ ውሃ አምጥተው ካላጠብኩሽ ብለው እግሬን ያዙ። አይሆንም ብዬ ብታገል «አፈር ስሆን» ብለው አሸነፉኝ። ረቡዕ ስለነበር የጾም ነው፤ የድንች ወጥ፣ ጎመንና የተልባ ፍትፍት ቀረበ። ሥዕሏን ልያት ብል መሪጌታ «ሠላሳ ዓመት የቆየች ዛሬ አትሄድም። አረፍ በይ፣ ነገ ታያለሽ» አሉኝ። ልቤ ቶሎ፣ ቶሎ ይለኛል። ነገር ግን እንግዳ መጀመሪያ መብላትና ማረፍ አለበት፣ በዚህ ከሳቸው ጋር ክርክር የለም።

ስለ መምህር ዌን ያወሩኝን ግን አልረሳውም። ክረምት ላይ ነው የመጣው። በየቀኑ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተራራውን ሲያይ ይውላል፣ አይጽፍ፣ አይናገር። ሰፈሩ መሬት ሊለካ የመጣ ቀያሽ ነው ብሎ ሽማግሌ ሰብስቦ ጠየቀው። እሱ «ተራራውን እየበላሁ ነው» ብሎ መለሰላቸው። አማርኛው አልቆበት ነው። ሽማግሌዎቹም ይህ ሰው ርቦታል ብለው ደምድመው ከየቤቱ ምግብ ይላክለት ጀመር።

የመሪጌታ እናት ማደሪያ ሰጡት። መሪጌታ ያኔ ገና ወጣት ዲያቆን ነበሩ፣ ለመጻሕፍት መጻፊያ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ ገብስና ከቅጠል አቡክተው ለወራት ያስቀምጣሉ። መምህር ዌን ሲያየው ከከረጢቱ ትንሽ ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር አውጥቶ ድንጋይ ላይ በውሃ ፈጨው። የሱም ጥላሸት ነው። «አንዱ የአንዱን አሸተተና ተያየን። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያወራነው ስለ ጥላሸት ነው» አሉኝ።

ሐሙስ

መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የመጽሐፍ ማኅደር ከመሰለ የቆዳ መያዣ ውስጥ ጥቅሉን አወጡ። ወረቀቱን ከጀርባው በአቡጀዲ ለጥፈውታል፣ እንደ አዲስ ነው። አልጋው ላይ ከላይ ጀምረው ይዘረጉት ጀመር። መጀመሪያ ጫፉ ታየ፤ በቀጭን ቀለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በተሳበ ብሩሽ የወጣ ተራራ። እጁን አወቅኩት።

ቀጥሎ ጉሙ መምጣት ነበረበት። ጉም የለም። ነጩ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ ክዳኑ ሳር የነበረ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጎኑ ያው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ለብሶ፣ ድልድይ፣ ወፍጮ ቤት፣ በበቅሎ የምትሄድ ሙሽራ፣ መንታ የወለደች ላም፣ ከዛፍ የወደቀ ሰው፣ ማር የሚቆርጡ ሦስት ወንድማማቾች፣ የስልክ ማማ፣ ጭቃ የያዘው ባጃጅ። መርፌ የምትገባበት ቦታ የለም። ደሜ ፈላ።

መሪጌታ ፊቴን አላዩትም፣ በደስታ ነበር የሚያብራሩልኝ። «ምስኪን፣ ድንገት መልእክት መጣበትና ተጣድፎ ሄደ። እኩሌታውን እንኳ አልጨረሰው። ሲሰጠኝ ‹አለቀ› አለኝ፤ እንዳላዝን ብሎ ነው አልኩ። በኛ ሥራ ባዶ አይተውም፣ ባዶ የሚቀረው ሰዓሊው ከሞተ ወይ ከካህናቱ ከተጣላ ነው። እሱ ደግሞ ከማንም አልተጣላ። ስለዚህ ጨረስኩለት፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያልኩ። ሰፈር ውስጥ የሆነውን ሁሉ አስገባሁለት።»

ተነስቼ ወጣሁ። ከጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። እማማ የሻረግ ደርሰው የትናንቱ ተልባ ሆዴን የነካኝ መስሏቸው ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አመጡ። አይደለም ለማለት ምክንያቱን መናገር ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጠጣሁት። ፌጦ ጠጥቶ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እንባዬ በእጥፍ መጣ፣ እሳቸውም «ይኸው እየወጣልሽ ነው» ብለው ተደሰቱ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ነፋስ እንዲያገኘኝ ብለው ወደ ሚካኤል ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ መልአኩ በደማቁ ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። ከክንፉ ኋላ ግን ሌላ የትም ቤተ ክርስቲያን ያላየሁት ነገር አየሁ፤ በውሃ የቀጠነ ጥቁር፣ ወደ ግራጫ የሄደ ተራራ፣ ከጀርባው ሌላ ይበልጥ የደበዘዘ ተራራ። «ይህን ከሱ ነው የወሰድኩት» አሉ መሪጌታ። «ለኔ ጥቁር ማለት ጥቁር ብቻ ነበር። ውሃ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከኔ የተማሩትም አሁን ሌላ ደብር ሄደው እንዲሁ ይሠራሉ፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም።» እኔ ሠላሳ ዓመት የሱ ተማሪ ነኝ እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ያህል ከሱ አልያዝኩም። ቀናሁ፣ እውነቱን ልናገር።

አንድ ክፉ ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። ፎቶውን አንስቼ ለአንድ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ተማሪዬ ብልክለት፣ ሰዉንም ላሙንም አጥፍቶ ነጩን ይመልሰዋል። መምህር ዌንም አያውቅም፣ መሪጌታም አያውቁም። እራት እስኪቀርብ ድረስ ይህንኑ ሳብላላ ነበር። እማማ የሻረግ ግን ቅቤ የጠገበ ጉርሻ ይዘው «በሞቴ» ሲሉኝ፣ የሰው እንጀራ እየበሉ እንዲህ ማሰብ አስጠላኝና አወጣሁት። «መሪጌታ፣ ነጩ ቦታ ያላለቀ አልነበረም። ጉም ነበር» አልኳቸው።

«ጉም?» አሉ። «አዎ።» «ጉም እኮ በየጠዋቱ ደጅ ላይ አለ። ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ምን ብሎ ይስለዋል?» አሉኝ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባቸውና እጃቸውን ከመሶቡ አነሱ። «እንግዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስጦታ ሳበላሽ ኖሬያለሁ» አሉ። እማማ የሻረግ ቀና ብለው «እኔን በሙሽርነቴ በበቅሎ ላይ የሳሉኝ ለማበላሸት ነው?» አሏቸው።

ከተነሳን በኋላ መሪጌታ «ነገ ቡሬ እንወርዳለን» አሉኝ፤ ሰፈራቸው ውስጥ መልክ የሚያሳይ ስልክ አይሠራም። «ሥዕሉን እዚያው ወስደሽ አሳዪው። ይቅርታውን እኔው ራሴ እጠይቃለሁ።»

ዓርብ

ዝናብ ይዘንባል። ሥዕሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በመሪጌታ በቅሎ ላይ ተጫነ፤ መሪጌታ፣ እማማ የሻረግና እኔ በእግራችን። በየደጁ «ወዴት ነው፣ መሪጌታ?» ይላሉ፤ እሳቸው «ለቻይናው ልናሳየው» ሲሉ ቤቱ ተዘግቶ ሰው ይከተለናል። እያንዳንዱ ሥዕሉ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ማር ቆራጮቹ ወንድማማቾች መጡ፤ ከዛፍ የወደቁት ሰውዬ እያነከሱ መጡ። ቡሬ ስንገባ አሥራ አራት ነበርን። እኔ ድሬ ለሥዕል ኤግዚቢሽን አሥራ አራት ሰው ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፖስተር እለጥፋለሁ።

የገባንበት ሆቴል ባለቤት የሰውን ብዛትና ጭቃውን አይተው ያባርሩናል ብዬ ነበር። አዳራሹን ከፈቱልን፣ ሥዕሉ እንዳይረጥብ ጠረጴዛ ገጥመው በነጭ ጨርቅ አለበሱት፣ ለሁሉም ሽሮ አዘዙ። ኔትወርክ ግን የለም። እስኪመሽ ጠበቅን። ስልኩን ይዤ ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ሰገነት ላይ ቆምኩ፣ ምንም። በዚህ መካከል ሰዎቹ ሥዕሉን ከበው አንዱ ሌላውን እየፈለገ ይስቃል። ከእኔ በቀር የተጨነቀ አልነበረም።

ቅዳሜ

እዚያው አዳራሽ ውስጥ አድረን ቁርስ ላይ ስልኬ ነቃ። ወዲያው ደወልኩ። የመምህር ዌን ልጅ ብቅ አለች፤ ፊቷን ሳይ አወቅኩት። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አባቷ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አያይም። ፎቶው ቢላክም አይጠቅመውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ቀን ዘግይቻለሁ። ለሰዎቹ ስነግራቸው ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ።

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ወሰዱ። «እንደምን ሰነበቱ? አለልኝ ነኝ» አሉ። ከወዲያ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አለልኝ። ጥላሸት።» «አዎ፣ ጥላሸቱ እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ በደል አለብኝ። ነጩ ቦታ ጉም መሆኑን አላወቅኩም። ያላለቀ መስሎኝ ሞላሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ልጁ ለአባቷ በቋንቋቸው ደገመችለት። «በምን ሞላኸው?» አለ መምህር ዌን።

«በሰው።»

«ንገረኝ» አለ።

መሪጌታም ከላይ ከተራራው ሥር ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያኑን በሳር ክዳኑ፣ ከዚያ በቆርቆሮው። ድልድዩን፣ ማን ድንጋይ እንዳቀበለ፣ ማን ከሥራው እንዳመለጠ። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ሲደርስ ስልኩን እየተቀበለ ራሱ ይናገራል። ከዛፍ የወደቁት ሰውዬ «የወደቅኩት ቅርንጫፉ ተሰብሮ ነው፣ መሪጌታ ግን ሰክሬ የወደቅኩ አስመስለውኛል» ብለው ከሰሱ። እማማ የሻረግ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ስለ በቅሎዋ ብቻ ተናገሩ። መምህር ዌን «እናትህስ?» ሲል መሪጌታ «እሷም አለች፣ ምድጃው አጠገብ፤ ለእርስዎ ድንች እያወጣች ነው» አሉት፤ የመምህር ዌን ሳቅ አዳራሹን ሞላው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሆቴሉ ባለቤት ቻርጀር አመጡ። ገመዱ አጭር ስለነበር አሥራ አምስታችንም ጠረጴዛውን እየገፋን ሶኬቱ ሥር ተሰበሰብን። ሥዕሉ እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ብናገኘው ኖሮ በዚያ ስልክ ምን ብዬ እነግረው ነበር? ነጭ ነው ብዬ እዘጋው ነበር።

ሁሉም ተነግሮ ሲያልቅ መምህር ዌን ዝግ ብሎ ጠየቀ። «ከታች፣ መንገዱ ላይ። ትንሽ ሰው ስዬ ነበር፣ ዱላ የያዘ። እሱ አለ?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «አለ። እሱንም ነክቼዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተራራው ነበር የሚሄደው፣ ዓይን አልነበረውም። በኛ ሥራ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ፊቱን ይመልስና ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። እርስዎ መሆንዎን አውቄ ነበር። እንዲያ ሆነው ልተውዎት አልቻልኩም። አዞርኩዎትና ሁለት ዓይን ሠራሁልዎት።»

ልጁ ለአባቷ ተረጎመችለት።

«ዓይኑ ትልቅ ነው?» አለ።

«ትልልቅ ነው።»

«ወዴት ያያል?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው የጠቆረ ጣታቸውን ከትንሹ ሰው አጠገብ አሳረፉ። ዓይኖቹ የሚሄዱበትን ተከትለው ቀና ሲሉ እኛን አገኙ።

«ወደዚህ ነው» አሉ። «ወደኛ።»

«እንግዲያ አየኋችሁ» አለ መምህር ዌን።